ዘውዱን አቆይተው ጎፈሩን ያንብቡ፦ የመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ ፔኒ እንዴት ይለያል?

የመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ የብር ፔኒ እጁ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ይታወቃል፤ ዘውድ የደፋውን ፊት ወደ ላይ አድርጎ የንጉሡን ስም ይፈልጋል። ስሙን ሲያገኝ የነገሥታቱን ዝርዝር ከፍቶ ዓመት ያወጣለትና ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ይህ መመሪያ የሚነሳው ያንን ልማድ በመቃወም ነው። ሳንቲም ወርውረን ዕጣ ስንጥል ዘውድና ጎፈር ከምንላቸው ሁለት ገጾች መካከል፣ በእነዚህ ፔኒዎች ላይ ዘመኑን በታማኝነት የሚናገረው ጎፈሩ ነው፤ መስቀሉ፣ የከተማው ስምና የአታሚው ስም የተቀረጹበት ጀርባ ማለቴ ነው። ፔኒው ከለንደን ውጭ በክፍለ ሀገር ከተማ የተመታ ከሆነ ደግሞ የጀርባው ምስክርነት ከንጉሡ ስም እጅግ ይበልጣል። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የማተኩረውም ከ1158 እስከ 14ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ባለው ጊዜ ላይ ነው።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል፤ ያለ ምክንያት የተያዘ ደንብ ሳንቲሙ ትንሽ ወጣ ያለ ሲሆን ይከዳልና። ንጉሥ ኤድጋር በ973 ገደማ ባደረገው ለውጥ በመላው እንግሊዝ አንድ ሥርዓት ጸና፦ ፊቱ ላይ የንጉሡ ስምና መልክ፣ ጀርባው ላይ ብሩን የመታው ሰውና ከተማው። የንጉሡ ስም የተጻፈው ሕዝቡ ገንዘቡን እንዲያምነው ነው። የአታሚው ስም የተጻፈው ግን ብሩ ቢጎድል ወይም መዳብ ቢበዛበት ተጠያቂው እንዲታወቅ ነው። ጥያቄውም የዋዛ አልነበረም። በቀዳማዊ ሄንሪ ዘመን፣ በ1124 የገና ሰሞን፣ የእንግሊዝ አታሚዎች ወደ ዊንቸስተር ተጠርተው ቀኝ እጃቸው ተቆርጦ እንደተሰለቡ የዘመኑ ዜና መዋዕል መዝግቧል። እንግዲህ ለመታመን የተጻፈ ስም ሰዎች እስከለመዱት ድረስ ባይለወጥ ይሻላል፤ ለመጠየቅ የተጻፈ ስም ግን በሥራ ላይ ያለውን ሰው ካልጠራ ከንቱ ነው። የሞተን አታሚ ማን ይጠይቀዋል? በዚህ ላይ የአሠራሩ ጉዳይ ይጨመራል። ፔኒ የሚመታው በሁለት የብረት ማኅተም ነበር፤ የንጉሡ ፊት ያለበት ከታች ይተከላል፣ የጀርባው ከላይ ተይዞ መዶሻውን ይቀበላል። መዶሻ የሚያርፍበት ቶሎ ያልቃል፤ ስለዚህ የጀርባው ማኅተም ቶሎ ቶሎ ይታደስ ነበር።

የንጉሡ ስም ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማየት ከ1180 እስከ 1247 የተመታውን ፔኒ መመልከት ይበቃል። ዳግማዊ ሄንሪ በ1180 አዲስ ፔኒ አወጣና «ሄንሪከስ ሬክስ»፣ ማለትም ንጉሥ ሄንሪ፣ ተብሎ ተጻፈበት። በ1189 ሞተ። ልጁ ሪቻርድ አሥር ዓመት ነገሠ፤ ፔኒው አሁንም ሄንሪ ይላል። ሌላው ልጁ ጆን እስከ 1216 ነገሠ፤ አሁንም ሄንሪ ይላል። ከዚያ የጆን ልጅ ሣልሳዊ ሄንሪ መጣ፤ ስሙ በአጋጣሚ እውነት ሆነ። ይህ የንጉሦቹ ትሕትና አልነበረም፤ ጆን በአየርላንድ ባስመታው ገንዘብ ላይ የራሱን ስም አስቀርጿል፣ ሪቻርድም በፈረንሳይ ግዛቶቹ እንዲሁ። በእንግሊዝ ግን ገበያው የለመደውን ስም መንካት አልተፈለገም። ለእኛ ይህ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም፤ ጠገራ ብር ማርያ ቴሬዛ ከሞተች በኋላ በ20ኛው መቶ ዘመን ሳይቀር በሮምና በለንደን ሲመታ ዓመቱ 1780 እንደተባለ ቀርቷል። በጠገራ ላይ ያለውን ዓመት አምኖ ዕድሜውን የሚቆጥር ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድና የፔኒው ጉድጓድ አንድ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። የሚያስፈልግዎ አሥር እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር፣ የግራም መቶኛን የሚለይ ሚዛን፣ ማስመሪያ፣ ወረቀትና ከጎን የሚያበራ አንድ መብራት ብቻ ነው። ሳንቲሙን አይፍተጉ። ሎሚ፣ አመድ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የብር ማጽጃ ፈሳሽ፣ ሁሉም ይቅርብዎ። ጥቁረቱ የብሩ ቆዳ ነው፤ ሲፋቅ ለማንበብ የሚፈልጓቸው ጫፍ ጫፍ የሆኑ ፊደላት አብረው ይሄዳሉ። ጠርዙን ብቻ ይያዙ፣ ይመዝኑ፣ ስፋቱን ይለኩ። ያልተከረከመ ፔኒ ከ1158 እስከ 14ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ 1.4 ግራም አካባቢ ይመዝናል። በ1351 ወደ 1.17 ግራም፣ በ1412 ወደ 0.97፣ በ1464 ወደ 0.78 ወረደ። ሆኖም ክብደት የመጀመሪያ ወንፊት እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ጠርዙ ተከርክሞ 1.1 የሚመዝን የ1250 ፔኒ ሞልቷል። የዙሪያው ጽሑፍ በአንድ በኩል ሙሉ ሆኖ በሌላው ግማሽ ፊደል ብቻ ከቀረ ክርከማ አለና ክብደቱን ለዘመን ቆጠራ አይጠቀሙበት።

ከዚያ ጀርባውን ወደ ላይ አዙረው መስቀሉን ይመልከቱ፤ ፊደል የማያነብ ሰው እንኳ እዚህ ላይ ግማሽ መንገድ ይሄዳል። መስቀሉ በአራቱ ማዕዘን ትናንሽ መስቀሎች ካሉትና ሳንቲሙ በጭካኔ የተመታ ይመስል ግማሹ ጽሑፍ ካልታየ፣ ከ1158 እስከ 1180 የነበረው ዓይነት ነው፤ በ1807 በሊንከንሻየር ቲልቢ በተገኘውና ከአምስት ሺህ በላይ ሳንቲም በያዘው ክምችት ስም «ቲልቢ» ይባላል። የመስቀሉ ክንድ በድርብ መስመር ተሠርቶ፣ አጭር ሆኖ፣ ከጽሑፉ ክበብ ውስጥ ከቀረ ከ1180 እስከ 1247 ያለው «አጭር መስቀል» ነው። ድርብ መስመሩ ጽሑፉን ሰንጥቆ እስከ ጠርዝ ከደረሰ ከ1247 እስከ 1279 ያለው «ረጅም መስቀል» ነው፤ የተራዘመውም የከርካሚዎች እጅ ወዲያው እንዲታወቅ ነበር። ክንዱ ረጅም ሆኖ ድርብ ሳይሆን አንድ ወፍራም መስመር ከሆነና በየማዕዘኑ ሦስት ሦስት ነጠብጣብ ካለ፣ ቀዳማዊ ኤድዋርድ በ1279 የጀመረው ነው። ሳንቲሙ በመስቀሉ ክንድ ልክ ለሁለት ወይም ለአራት ተቆርጦ ቢያገኙት አይደንግጡ፤ እስከ 1279 ድረስ ግማሽና ሩብ ፔኒ የሚገኘው በአብዛኛው በመቀስ ነበር።

ቀጥሎ ንባቡ ይመጣል። ከላይ ትንሽ መስቀል ካለች ከእሷ ይጀምሩና እንደ ሰዓት አቅጣጫ ይሂዱ። በወረቀት ላይ ክብ ሥለው ያዩትን ፊደል ብቻ በቦታው ያስቀምጡ፤ ያልታየውን ባዶ ይተዉት። ይህ ቀላል ምክር ይመስላል፤ ነገር ግን አብዛኛው ስሕተት የሚፈጠረው ያልታየን ፊደል ዓይን በራሱ ሲሞላ ነው። ቪ የዩን ቦታ ይይዛል፤ ሁለት ቪ አንድ ላይ ደብሊው ናቸው፤ ክብ ሆኖ የተዘጋው ኢ ከሲና ከኦ ጋር ይምታታል። ከ1279 በፊት ባለው ፔኒ ላይ «ኦን» የሚሉትን ሁለት ፊደላት አስቀድመው ይፈልጉ፤ «በ» እንደ ማለት ነው። ከእነሱ በፊት ያለው የአታሚው ስም፣ ከእነሱ በኋላ ያለው የከተማው ስም ነው። ኦንን ያላገኘ ሰው ግን መስመር ይስታል። ጥሩው ምሳሌ ሊንከን ነው፤ በአጭር መስቀል ላይ ከተማው በኖርማኖቹ አጠራር «ኒኮል» ተብሎ ስለሚጻፍ «ሊን» የሚል የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። በዚያው ዘመን «ኒኮል» የሰው ስምም ነበር፤ «ኒኮል ኦን ካንት» ቢል ኒኮል የተባለ ሰው በካንተርበሪ መታው ማለት እንጂ ሊንከን የለበትም። «ሌን» ካለ ኪንግስ ሊን ነው። ዮርክ «ኤቨርዊክ» ይባላል፤ ከ1279 በኋላ ግን በላቲኑ «ኤቦራሲ»። «ኖር» ብቻ ከታየ ኖሪችም ኖርዛምተንም ሊሆን ስለሚችል፣ የአታሚው ስም ካልፈረደ ሁለቱንም ጽፈው ይለፉ።

ከተማውንና መስቀሉን አንድ ላይ ሲያስቀምጡ ነው የጀርባው ኃይል የሚገለጠው። የክፍለ ሀገር ማተሚያዎች ሁልጊዜ ክፍት አልነበሩም፤ ገንዘቡ በሙሉ ተሰብስቦ በአዲስ ሲለወጥ፣ ሕዝቡ አሮጌ ብሩን ይዞ ለንደን ድረስ እንዳይንከራተት ይከፈቱና ሥራው ሲያልቅ ይዘጋሉ። ለእኛ ይህ በረከት ነው። ረጅም መስቀል ባለው ፔኒ ላይ የንጉሡ ስም ሄንሪ ቢል ከ1247 እስከ 1279 ያለውን ሠላሳ ሁለት ዓመት ሁሉ ይሰጥዎታል፤ ሣልሳዊ ሄንሪ በ1272 ሞቶ ልጁ ኤድዋርድ ሰባት ዓመት በአባቱ ስም መምታቱን ቀጥሏልና። ከተማው ሄርፎርድ፣ ወይም ሽሩዝበሪ፣ ወይም ዎሊንግፎርድ፣ ወይም ኢልቸስተር ከሆነ ግን ዘመኑ ወደ 1248-1250 ይጠብባል፤ እነዚህ ማተሚያዎች ለዚያ ለውጥ ተከፍተው ወዲያው የተዘጉ ናቸው። ሠላሳ ሁለት ዓመት በሦስት ፊደል ወደ ሁለት ዓመት ወረደ። በአጭር መስቀልም እንዲሁ ነው፦ ዉስተር ወይም ዊልተን ካለ በ1180ዎቹ የተመታ፣ የዳግማዊ ሄንሪ ነው። ሮቸስተር ካለ በ1205 ለውጥ ጊዜ የተመታ ነው፤ ሄንሪ ቢልም የንጉሥ ጆን ገንዘብ ነው። ለንደንና ካንተርበሪ ግን ለረጅም ጊዜ ሳያቋርጡ ስለሠሩ የከተማው ስም ብቻውን እምብዛም አይረዳም፤ የክፍለ ሀገር ፔኒ ለአንባቢ የሚመቸው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ይነሳል። አታሚዎቹ ዊሊያም፣ ሪቻርድ፣ ጆን፣ ሂዩ የሚባሉ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ስም በየከተማው በየዘመኑ ስለሚደጋገም ምን ይረዳል? እውነት ነው፣ ስሙ ብቻውን አይረዳም። ግን ማንም ብቻውን እንዲጠቀምበት አልተጠየቀም። መስቀሉ ዘመኑን በሰፊው ይከልላል፣ ከተማው ያጠበዋል፣ ስሙ ደግሞ በዚያ ከተማ በዚያ ጊዜ ከሠሩት ጥቂት ሰዎች አንዱን ይጠቁማል። ብዙዎቹ ክፍለ ሀገሮች በአንድ ጊዜ ከጥቂት አታሚ በላይ ስላልነበሯቸው ሦስቱ ሲገናኙ የሚተርፈው አማራጭ አንድ ወይም ሁለት ነው። በዮርክ በአጭሩ መስቀል መጀመሪያ እንደሠራው ኢሳቅ ያለ ያልተለመደ ስም ሲገጥምዎ ደግሞ ስሙ ራሱ ይናገራል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው፦ ከ1279 ወዲህ የአታሚው ስም ቀርቷልና ክርክሩ እዚያ አይፈርስም ወይ? ቀዳማዊ ኤድዋርድ በእርግጥ የአታሚዎቹን ስም አስወጥቶ የከተማውን ብቻ አስቀረ። በቅዱስ ኤድመንድ ከተማ በበሪ የሠራው የሃድሌው ሮበርት ስሙን ለጥቂት ጊዜ ያቆየ ብቸኛ ሰው ነው። ችግሩ በፊቱ በኩል ደግሞ የባሰ ሆነ፤ ከ1272 እስከ 1377 የነገሡት ሦስቱም ኤድዋርድ ይባላሉ፣ በፔኒው ላይ ስንተኛ እንደሆኑ አይጻፍም፣ መልካቸውም አንድ ነው። ከተማው ግን አሁንም ይሠራል። «ኪንግስተን» የሚል ፔኒ በሃል ወንዝ አፍ ባለችው ከተማ የተመታ ነው፤ ንጉሡ ቦታውን በአቅራቢያው ካለ ገዳም የገዛው በ1293 ሲሆን ማተሚያው የተከፈተው በ1300 ነበር። የዚያ ዓመት መከፈት ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው፦ ከባሕር ማዶ የመጡ አስመሳይ ፔኒዎች አገሩን ስላጥለቀለቁ ኤድዋርድ መጀመሪያ ዋጋቸውን በግማሽ ቀነሰ፣ በ1300 ጨርሶ ከገበያ አስወጣቸው፣ እነሱን አቅልጦ ለመምታትም ክፍለ ሀገሮቹ እንደገና ተከፈቱ። ኤክሰተርም በዚሁ ዙር ነው።

ከሁሉም ግን ደረም ይበልጣል። የደረም ጳጳስ በግዛቱ የገንዘብ ማተሚያ ነበረው፣ ጳጳሱም የራሱን ምልክት ያስቀምጥ ነበር። አንቶኒ ቤክ ከ1283 እስከ 1311 ጳጳስ ሳለ ምልክቱ ጫፎቹ ለሁለት ተከፍለው ወደ ውጭ የተጠቀለሉ መስቀል ነው። ከንጉሡ ጋር ተጣልቶ ግዛቱ ሲያዝበት ምልክቱ ጠፍቶ ተራ መስቀል ይተካል፤ ጠቡ ሳይቀር በብሩ ላይ ተጽፏል ማለት ነው። ከ1311 እስከ 1316 የነበረው ሪቻርድ ኬላው ከጀርባው መስቀል አንዱን ክንድ ጫፉ ላይ አጥፎ የጳጳስ በትር አስመሰለው። ቀጥሎ የመጣው ሉዊስ ደ ቦሞንት፣ ከ1318 እስከ 1333፣ ከቤተሰቡ አርማ አንበሳና የሊሊ አበባ ወሰደ። እንግዲህ የታጠፈ ክንድ ያለበትን የደረም ፔኒ ያገኘ ሰው፣ ፊቱ ላይ ኤድዋርድ ከሚል በቀር ምንም ባይታይ፣ የዳግማዊ ኤድዋርድ መሆኑንና አምስት ዓመት ገደማ በሆነ ጊዜ ውስጥ መመታቱን ያውቃል። የቤክና የቦሞንት ምልክቶች ከትንሿ የመነሻ መስቀል ቦታ፣ በዘውዱ በኩል፣ ስለሚቀመጡ ደንቤ እዚህ ላይ መጠነኛ መላላት ያስፈልገዋል፦ ዋናው ነገር የክፍለ ሀገሩን ምልክት ከንጉሡ ስም ማስቀደም ነው። የዮርክ ሊቀ ጳጳስ ማተሚያ ግን ለደንቡ ታማኝ ነው፤ በጀርባው መስቀል እምብርት ላይ ባለ አራት ቅጠል አበባ ያስቀምጣል።

ሊቃውንቱ ግን የሚመድቡት በፊቱ አይደለም ወይ የሚል ሦስተኛ ተቃውሞ ይኖራል። ሎውረንስ አጭሩን መስቀል በስምንት ምድብ፣ ፎክስ የተባሉት ወንድማማቾች የኤድዋርዶቹን ፔኒ በአሥራ አምስት የከፈሉት በብዛት በዘውዱ ቅርጽ፣ በፀጉሩ ጥቅልልና በፊደሉ አጣጣል ነው። ምድቡ ድንቅ ሥራ ነው፤ መጨረሻ ላይ እርስዎም ይጠቀሙበታል። ነገር ግን ለጀማሪ የመነሻ በር አይሆንም። የፀጉር ጥቅልል ለመቁጠር ያልተበላ ፊት ያስፈልጋል፤ በእጅ የሚገባው ፔኒ ደግሞ አፍንጫው የተላጠ ነው። ስለዚህ ጀርባው ካጠበበልዎ በኋላ ብቻ ወደ ዘውዱ ይመለሱ። አጭር መስቀል ከሆነ ከፊቱ ግራ ሁለት፣ ከቀኝ አምስት ጥቅልል ለመጀመሪያው ምድብ የተለመደ ነው። የኤድዋርድ ከሆነ ስሙ በሦስት ፊደል ካጠረ በአብዛኛው የቀዳማዊው ነው፤ ረዝሞ ከተጻፈ ከ1300ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ነው። የቦሞንት ዘመን ዳግማዊው ከወረደበት ከ1327 አልፎ ስለሚሄድ፣ እዚያ ላይ ዘውዱን ሳያዩ መፍረድ አይቻልም።

የመጨረሻው ጥንቃቄ ከሻጭ ጋር የተያያዘ ነው። የክፍለ ሀገር ፔኒ ከለንደንና ከካንተርበሪ ስለሚያንስ ዋጋው ይወጣል፤ ዋጋው ስለሚወጣም የደበዘዘ ፊደል ሁሉ ብርቅ ከተማ ሆኖ ይነበባል። በአጭርና በረጅም መስቀል ዘመን ከተመታው አብዛኛው ከሁለቱ ትልልቅ ማተሚያዎች የወጣ ነው፤ ስለዚህ ጽሑፉ ለሁለቱም የሚመች ከሆነ ተራውን ይገምቱ፣ ብርቅ ነው የሚለው ወገን ያስረዳ። ፊቱ ዘውድ ከሌለው፣ ወይም በዘውድ ፋንታ የጽጌረዳ ጉንጉን ካደረገ፣ ከ1300 በፊት የገባው የባሕር ማዶ አስመሳይ ነው፤ ራሱን የቻለ ጥንታዊ ሳንቲም እንጂ የዛሬ ፎርጅድ አይደለም። ፊቱ ወደ ጎን የዞረ ከሆነ ስኮትላንዳዊ ሊሆን ይችላል። የዛሬው ፎርጅድ የሚታወቀው በጠርዙ ላይ በሚሄድ የመጋጠሚያ መስመርና እንደ ሳሙና በለሰለሱ ፊደላት ነው።

ያወቁትን በአንድ መስመር ይመዝግቡ፦ የመስቀሉ ዓይነት፣ የተነበቡት ፊደላት ከነባዶ ቦታቸው፣ ከተማ፣ አታሚ፣ ምድብ፣ ክብደት፣ ስፋት፣ የተገኘበት ቦታ። በእንግሊዝ የሚኖሩ አንባቢ ሳንቲሙን ከመሬት ካገኙት የባለ መሬቱ ፈቃድ አስቀድሞ ያስፈልጋል። ከ300 ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የብር ሳንቲሞች አብረው ከተገኙ በ1996 ሕግ መሠረት ሀብተ ምድር ስለሆኑ በ14 ቀን ውስጥ መነገር አለባቸው። አንድ ብቻ ቢሆንም በየአውራጃው ላሉት የቅርስ ግኝት መዝጋቢዎች ማሳየት ይቻላል፤ መዝገባቸው ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ከእርስዎ ጋር በአንድ ማኅተም የተመታ ሌላ ፔኒ ፈልገው ባዶ የተዉትን ፊደል ከዚያ ሊሞሉት ይችላሉ። ሲሞሉት ግን ከሌላ ሳንቲም የመጣ መሆኑን በቅንፍ ያመልክቱ።